የእናትህ ኪኒን አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ከዐስር እስከ መግሪብ መስጂድ ውስጥ ስቀመጥ ሰው ይዞልኝ የሚመጣው ሁልጊዜ የዲን ጥያቄ አይደለም። ብዙ ጊዜ የመድኃኒት ካርቶን ነው። መተማ ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም። ከገላባት፣ ከገዳሪፍ፣ ድሮ ደግሞ ከካርቱም የመጣ መድኃኒት ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው በዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛ የሚያነበው ደግሞ መድረሳ የቀራ ነው። «ኡስታዝ፣ ይቺን ያንብቡልኝ» ይሉኛል። አነብላቸዋለሁ። «ማታ አንድ ፍሬ»፣ «ከምግብ በኋላ»፣ «ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ»። «ጀዛከላህ ኸይር» ብለው ይሄዳሉ።

አንድ የጀመዓችን ወጣት እናቱ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ጎንደር ወስዶ አሳክሟቸው ዶኔፔዚል የሚባል ኪኒን ታዘዘላቸው። መጀመሪያ ማታ ማታ ባለ 5 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ ነበር፤ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ሲመለሱ ዶክተሩ ወደ 10 አሳደገውና «ከያዛችሁት ሁለት ሁለት ፍሬ ስጧቸው» አለ። ኪኒኑ ሲያልቅ መንገድ ተዘግቶ ነበር። አንድ ዘመዱ ከወዲያ ማዶ አንድ ካርቶን ላከለትና ይዞልኝ መጣ። «ኡስታዝ፣ ያው መድኃኒቱ ነው?» አለኝ። ስሙን አየሁ፤ ያው ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ያው ነው» አልኩት። ከስሙ ጎን ያለውን ቁጥር ግን አላየሁም። አዲሱ እያንዳንዱ ፍሬ 10 ሚሊ ግራም ነበር። ልጁ እንደለመደው ሁለት ሁለት መስጠቱን ቀጠለ፤ በቀን 20 ሚሊ ግራም ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ማስመለስና ተቅማጥ ጀመራቸው። በአራተኛው ቀን ለፈጅር ውዱእ ሊያደርጉ ሲነሱ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ጤና ተቋም ሲደርሱ ነርሷ እጃቸውን ይዛ የልብ ምታቸውን ቆጠረች፤ በጣም ዘግይቷል። ቀጥላ ያለችው «ካርቶኑን አምጡ» ነው። አላህ አተረፋቸው። ልጁ አልወቀሰኝም፤ እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ዐረብኛውን አልተሳሳትኩም፤ ስሙን በትክክል አንብቤ ነበር። ፋርማሲስት ግን አይደለሁም፤ ያን ቀን ደግሞ እንደ ፋርማሲስት መልስ ሰጥቻለሁ።

ይህን የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ወላጅ ሐቅ ስንናገር የምንናገረው ስለ አንደበት ነው፤ ድምፅህን አታንሳ፣ ፊትህን አታጥቁር፣ «ኡፍ» አትበል። ሐቅ ነው፣ ከቁርኣን የመጣ ነው። ነገር ግን እናቱ ስሙን የረሱት ልጅ ቤት ውስጥ የወላጅ ሐቅ የሚፈተነው ኪኒኑን ማን ሰጠ፣ ስንት ሰጠ፣ መቼ ሰጠ፣ ከምን ጋር ሰጠ በሚለው ነው። በዚህ በኩል እኛ የመስጂድ ሰዎች ብዙ አላስተማርንም። አንዳንዴም፣ እንደ እኔ፣ አበላሽተናል።

በሽታው ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ «ጃጅተዋል» እንላለን፣ ከሱዳን የተመለሱት «ኸረፍ» ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት፣ ከእነሱም ከ60 ከመቶ በላዩ እንደኛ ባሉ ደሃና መካከለኛ አገሮች እንደሚኖር ይናገራል። ቁርኣን በሱረቱ ነሕልና በሱረቱል ሐጅ፣ ከሰው መካከል ካወቀ በኋላ ምንም ወደማያውቅበት የዕድሜ ደረጃ የሚመለስ እንዳለ ይነግረናል። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚያ ዕድሜ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ስለዚህ ነውር አይደለም። የወላጅ ኃጢአት ውጤትም፣ ጎረቤት ያደረገው ሲሕርም አይደለም። የአንጎል በሽታ ነው።

ኪኒኑ በሽታውን አያድንም። ይህን ሐኪሞቹ ራሳቸው በግልጽ ይናገራሉ። ለአንዳንዱ ሰው ማስታወሱንና የዕለት ኑሮውን ለተወሰነ ጊዜ ይደግፋል፤ ለአንዳንዱ ብዙም አይታይም። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንዱ በሁለት ሳምንት ለውጥ ስላላየ ይጥለዋል። ሌላው ቶሎ እንዲሻላቸው ብሎ ይጨምራል። ዶኔፔዚል ከ5 ወደ 10 የሚያድገው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ተጠብቆ ነው፤ ሰውነት እንዲለምደው። ከሳምንት በላይ ተቋርጦ ከሆነም በነበረበት መጠን ዘላችሁ አትጀምሩ፤ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ እንደገና ከትንሹ ነው የሚነሳው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። አንጎል ውስጥ ሐሳብ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው የሚያሻግር አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በሽታው ያሳንሰዋል፤ ኪኒኑ ያለው ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል። ይኸው ንጥረ ነገር ግን ጨጓራና አንጀት ላይም፣ ልብ ላይም ይሠራል። ስለዚህ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ የልብ ምት መዘግየትና ራስን መሳት ሊመጣ ይችላል። ሌሊት ቅዠት ካበዛባቸው ሐኪሙ ወደ ጠዋት ሊያዞረው ይችላል። ይህ ሁሉ በደጋ አገር ያለ ነው። እኛ ቆላ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል።

መጋቢትና ሚያዝያ መተማ እንዴት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ጤነኛ ሰው አይቀመጥም። ሽማግሌ ጥማት ቶሎ አይሰማውም፤ የመርሳት በሽታ ያለበት ደግሞ ቢጠማውም ውሃ መጠየቁን ይረሳል። በዚህ ላይ ኪኒኑ ያመጣው ተቅማጥ ሲጨመር በአንድ ቀን ሰውነታቸው ሊደርቅ ይችላል። «ውሃ ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አልፈልግም» ነው መልሱ። ብርጭቆውን እጃቸው ላይ አድርጉ፣ አብራችሁ ጠጡ፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ቀኑን ሙሉ። ልብሳቸው ሰፊ መሆኑን፣ መደገፊያ ሳይዙ ድንገት አለመነሳታቸውን ተመልከቱ። ካርቶኑንም ግድግዳ ላይ ከቆርቆሮው ሥር አትሰኩት፤ መድኃኒት ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ሲባል ከቤቱ በጣም ቀዝቃዛው ጥግ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ማለት ነው።

የልብ ምት መቁጠር ማንኛችሁም በአምስት ደቂቃ የምትማሩት ነገር ነው። ስልካችሁ ላይ ሰዓት አለ። የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 100 ነው። ከ50 በታች ሆኖ ማዞር ወይም መዝለፍለፍ ካለበት ቤት ውስጥ አትቆዩ። ከመጠን በላይ ወስደዋል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ለሃጭ ከበዛ፣ ላብ ካጠመቃቸው፣ ማስመለሱ ካላቆመ፣ ካርቶኑን ይዛችሁ ወዲያው ሂዱ።

አሁን ወደ ሱቁ ልምጣ። እዚህ አገር ሰው ሲያመው መጀመሪያ ሱቅ ነው የሚሄደው። ለጉንፋን፣ ለማሳከክ፣ እንቅልፍ ለማምጣት የሚሸጡ ኪኒኖች አሉ፤ ዳይፌንሃይድራሚንና ክሎርፌኒራሚን የሚባሉት በውስጣቸው ይገኛሉ። እነዚህ ያንኑ አሴቲልኮሊን ይከለክላሉ። በአንድ እጅህ የሠራኸውን በሌላው ታፈርሰዋለህ። ሽማግሌውን የበለጠ ያደናግራሉ፣ ሽንት ያስቀራሉ፣ ይጥላሉ። ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠው ሃዮሲንም፣ አሚትሪፕቲሊንም ከዚሁ ወገን ናቸው። ለጉልበት ሕመም የሚገዛው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ከዶኔፔዚል ጋር ሲሆን የጨጓራ መድማትን ሊያባብስ ይችላል። እናንተ ማስታወስ ያለባችሁ የእነዚህን ሁሉ ስም አይደለም። ፋርማሲ ስትገቡ የመጀመሪያው ቃላችሁ «እናቴ ዶኔፔዚል ትወስዳለች፣ ከዚህ ጋር ይሆናል ወይ?» ይሁን።

ወባም አለ። እዚህ ወባ ያልያዘው ማን አለ? ኮአርተምም ሆነ ኪኒን የሚሰጣችሁ ባለሙያ ሽማግሌው ዶኔፔዚል እንደሚወስዱ ማወቅ አለበት፤ ሁለቱም የልብን ምት ሊነኩ ስለሚችሉ። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ነው የሚብሰው። ትናንት የሚያውቋችሁ አባት ዛሬ ድንገት ከዘበራረቁ፣ ወይ ደግሞ ድንገት ፈዝዘው ከተኙ፣ «በሽታው ጨመረ» ብላችሁ አትቀመጡ። ወባ ሊሆን ይችላል፤ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የስኳር መውረድ፣ ወይም ሰው የጨመረላቸው ኪኒን ሊሆን ይችላል። እነዚህ የሚታከሙ ናቸው። ሽማግሌ ትኩሳት ሳይኖረው እንኳ በወባ ሊዘበራርቅ ይችላልና ደሙ ይታይ።

ሌሊት የሚጮሁ፣ በር የሚደበድቡ ወላጆች አሉ። የሚያስታምማቸው ሰው ይደክመዋል፤ «የሚያስተኛ ነገር ስጡኝ» ብሎ ይለምናል። አልፈርድበትም። ነገር ግን ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንን የመሰሉ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው ሽማግሌዎች ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ብርቱ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሐኪም አንዳንዴ ግድ ሲሆንበት በትንሹና ለአጭር ጊዜ ያዝዛል። ከዘመድ ቤት ተበድረህ ግን አትሰጥም። በፊት የሚጮሁበትን ምክንያት ፈልግ፤ ሽንታቸው ይዟቸው ይሆናል፣ ጥርሳቸው አሟቸው ይሆናል፣ ጨለማው አስፈርቷቸው ይሆናል። መብራት ተውላቸው። ዝቅ ያለ የቁርኣን ድምፅ ብዙዎችን ያረጋጋል፤ ከልጅነት የቀራ ሰው የልጁን ስም ረስቶ ፋቲሓን አይረሳም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሱብሓነላህ።

ሩቅያ። እዚህ ላይ የሚከፋብኝ ሰው ይኖራል፣ ይከፋበት። ሩቅያ ሱንና ነው፣ እኔም እቀራለሁ። ነገር ግን «ኪኒኑን እስካላቆሙ ጂኑ አይወጣም» የሚል ሰው ከየት አመጣው? በሽተኛ አሮጊት መግረፍ፣ ማሰር፣ በጭስ ማፈን፣ የማትፈልገውን ውሃ በግድ ማጠጣት ከየትኛው ኪታብ ነው? መዋጥ የከበዳት ሰው ያ ውሃ ሳንባዋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለእርጅና መድኃኒት የለውም የሚለውን ሐዲስ የሚያነሱም አሉ። ያው ሐዲስ የሚጀምረው ታከሙ ብሎ ነው፤ እነሱ ከመጨረሻው ጀምረው ያነቡታል። ጥቁር አዝሙድም ማርም ስትሰጡ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ከሚወስዱ ጋር መታየት አለበት። ሐኪም ይቆጣናል ብላችሁ አትደብቁ።

ረመዳን በእኛ የሙቀት ወቅት ላይ የሚገባበት ጊዜ አለ። ዶኔፔዚል በቀን አንዴ፣ ማታ ስለሚወሰድ ከጾም ጋር አይጋጭም፤ የሚጋጨው የውሃው ነገር ነው። አእምሮው የሄደ ሰው ጾም ግዴታው አይደለም፤ ቀለም ተነሥቶለታል። አእምሮው ያለ፣ ግን በዕድሜ የደከመ ደግሞ ያበላል፤ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) እንኳ ባረጁ ጊዜ ምስኪን ያበሉ ነበር። በመሃል ያለ፣ አንድ ቀን የሚያስታውስ አንድ ቀን የሚረሳ ካለ ዑለማዎቻችንን ጠይቁ፤ የሰውየውን ሁኔታ አይተው ይነግሯችኋል። ከባዱ ነገር ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። ስልሳ ዓመት የጾመ ሰው «ጾመኛ ነኝ» ብሎ ውሃ አልጠጣም ይላል። አትከራከሩት። «መግሪብ ደረሰ» ብሎ መዋሸትም የሚከብደው አለ፤ እኔ የምመክረው ቦታ መቀየር ነው፤ ከጾመኛው ቤተሰብ ለይታችሁ፣ ትንሽ ልጅ ከጎናቸው አስቀምጣችሁ ልጁ ሲበላ አብረው ይበላሉ። «እናታችን ሳትጾም ሞተች» ይባላል ብላችሁ አትፍሩ።

ኪኒኑን ማን ይሰጣል? ብዙ ቤት ሄጃለሁ፤ ሁልጊዜ ሴት ናት። ልጅ ናት፣ ወይ የልጅ ሚስት። ወንዶቹ ካርቶን ገዝተው ያመጡና «እኔ አሳክማለሁ» ይላሉ። አሳክማለሁ ያልከው ወንድሜ፣ የትናንቱን ኪኒን ማን እንደሰጠ ታውቃለህ? እህትህ ጠዋት ረስታ መስሏት ድጋሚ ሰጥታ ይሆናል፤ አንተም ማታ ገብተህ ሦስተኛ ትጨምር ይሆናል። አንድ ደብተር ግዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ የሰጠው ሰው። ከዒሻ በኋላ ሰዓት የሚደውል ስልክ። ሰጪው አንድ ሰው፣ ከቻለ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያሳርፈው ሌላ ሰው። ካርቶኑ በሽተኛው እጅ ላይ አይቀመጥ፤ ወስጄአለሁ ብለው ይምላሉ፣ ወይም አልወሰድኩም ብለው ሁለቴ ይውጣሉ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በውሃ ይውሰዱት፤ ተኝተው አይሆንም። አፋቸውን እዩ፤ ጉንጫቸው ሥር ይዘውት ይቆያሉ። ሳትጠይቁ አትፍጩት፣ ወጥ ውስጥም አትደብቁት።

ሰውነት ላይ የሚለጠፍም ዓይነት አለ፤ ሪቫስቲግሚን ይባላል፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ይዞት ይመጣል። አዲሱን ስትለጥፉ የቀድሞውን አንሡ። ጀርባ ላይ ሁለትና ሦስት ተደራርቦ የሞቱ ሰዎች አሉ፤ ውጭ አገርም የደረሰ ነው።

የሱዳን ጦርነት ከተነሣ፣ ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ወዲህ በመተማ በኩል ስንት ሰው እንደገባ አይታችኋል። ከነሱ ጋር ሽማግሌዎች ገብተዋል። የካርቱም ሐኪም ያዘዘላቸውን ወረቀት ይዘው፣ ሐኪሙ የት እንዳለ ሳያውቁ። አንዳንዱ የመጨረሻውን ፍሬ እየከፋፈለ ነው የሚሰጠው። ጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ መንገድ ይዘጋል፣ ድንበርም ይዘጋል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ፈልጉ እንጂ ሦስት ቀን ሲቀረው አይደለም። ወላጃችሁ ወጥቶ የመሄድ ልማድ ካለው ደግሞ ኪሱ ውስጥ ስሙን፣ የናንተን ስልክና የሚወስደውን መድኃኒት ጽፋችሁ ክተቱ፤ በአማርኛም በዐረብኛም። የኛ ከተማ ሰው መንገድ ስቶ ቢሄድ ሌላ ሰፈር ብቻ አይደለም የሚገባው፣ ሌላ አገር ነው።

ለመስጂዶቻችን ኮሚቴዎችም አንድ ነገር አለኝ። ሱልጣን ቀላውን በ1284 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ያሠራው ቢማሪስታን በወቅፍ ገቢ ነበር የሚተዳደረው፤ አእምሮው የታመመም ይታከምበት ነበር። በኮንፈረንስ ላይ በዚህ እንኮራለን። እኛ ሆስፒታል ሥሩ አልተባልንም። ከሰደቃው ሣጥን አንድ የደም ግፊት መለኪያ፣ የሳምንቱ ቀን የተጻፈባቸው የኪኒን ማስቀመጫዎች፣ በወር አንድ ጊዜ ከጁሙዓ በኋላ አንድ ሰዓት የሚቀመጥልን ነርስ ወይም ፋርማሲስት፤ ከጀመዓችን ውስጥ የተማሩ ልጆች አሉን። ሴቶቹ ባሉበት ጊዜና ቦታ ይሁን፣ የሚያስታምሙት እነሱ ናቸውና።

ካርቶን ይዛችሁ ለምትመጡልኝ፦ ማንበቤን አልተውኩም። አሁን ግን ስሙንና ቁጥሩን በአማርኛ በትልቁ ካርቶኑ ላይ እጽፋለሁ፣ የቀድሞውንም ካርቶን አምጡ እላለሁ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አያለሁ። ከዚያ ወደ ፋርማሲ እልካችኋለሁ። «ያው ነው ወይ?» ብትሉኝ አልመልስም። ያ ወጣትም ባለፈው አዲስ ካርቶን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ገና በሩ ላይ ሆኖ «ኡስታዝ፣ ፋርማሲ አሳይቼ ነው የመጣሁት፤ ባለ 5 ነው» አለኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።